ቆጠራው ካርሎ ላይ ቆመ

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

ዝናቡ ዛሬም አልተወንም። መስከረም ሊያልቅ ነው፣ ከተማችን ኮሶበር ግን ክረምቱን አለቅም ብላለች። ልብስ አጥቤ ቤት ውስጥ ሰቀልሁ፣ ቤቱ ሁሉ እርጥብ እርጥብ ሸተተ። ድንች ገዛሁ፣ ከሥር ያለው የበሰበሰ ሆኖ ተገኘ። ሴትዮዋ ዓይኔ እያየ ነው የሸወደችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ የበሰበሰ ድንች መለየት ያቃተኝ ሰው...

ነገ ዳንግላ እወርዳለሁ። ሽማግሌዎች አባባ ቤት ይመጣሉ፣ ለዮዲት። ልጄ ልታገባ ነው። መቼ አደገች? አባቷ ሲሞት ጡት አልጣለችም ነበር። ዛሬ አዋላጅ ነርስ ሆና የሰው ልጅ ትቀበላለች።

በዛብህን ወድጄዋለሁ። ዲያቆን ነው፣ አስተማሪ ነው፣ ሲያወራ አይቸኩልም። ጋብቻው በቁርባን ይሆናል፣ ከዚያ ቅስና ይቀበላል። አንዴ ቆርበው ከተጋቡ መፋታት የለም ማለት ነው። ዮዲት ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። "ማን ሊፋታ?" አለችኝ።

የቀረው ዘር ቆጠራው ብቻ ነው። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንዳይኖር ይቆጠራል። የእኛ ወገን መቼም ለመቁጠር አያስቸግርም።

እሑድ፣ መስከረም 25

ደሜ እንደፈላ ነው የተመለስሁት። እስካሁን አልበረደልኝም።

ሲጀመር ደህና ነበር። የበዛብህን ወገን አባቱ አቶ አስማረ ቆጠሩ። በዛብህ፣ አስማረ፣ ይኸነው፣ ግራዝማች እንየው... እያሉ ሰባተኛው ድረስ ወጡ። ግራዝማች እንየው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ አለ። በጣሊያን ጊዜ ጫካ የገቡ አርበኛ ናቸው። ትምህርት ቤት በስማቸው ተሰይሟል፣ በዛብህም የሚያስተምረው እዚያው ነው።

ቀጥሎ እኛ። የዮዲት አባት ወገን ተቆጠረ፣ ምንም የለም። የእናቴም ወገን ምንም የለም። የአባባ እናት የያለምወርቅም እንዲሁ። በመጨረሻ አባባ ራሳቸውን ቆጠሩ። "ደረሰ... ካርሎ..." አሉና ቆሙ። አንዱ ሽማግሌ "ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው" አለ። ሁሉም ሳቁ። አባባም ሳቁ። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ሲባል የሚስቁት ሳቅ አላቸው፣ እሱን። ከጣሊያን ጋር ማን ይዛመዳል ተብሎ ታለፈ።

አባባ የጣሊያን ልጅ ናቸው። ጣሊያን ዳንግላ ሰፍሮ ሳለ እናታቸው ለካምፑ ልብስ ታጥብ ነበር። ካርሎ የሚባል የመኪና መካኒክ ወለዳቸውና አገሩ ገባ። ስሙ ብቻ ቀረ። መታወቂያቸው ላይ ደረሰ ካርሎ፣ የእኔ ላይ ዘውድነሽ ደረሰ ካርሎ። ልጅ ሆነን ክፍል ውስጥ ስም በተጠራ ቁጥር ሳቅ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ሲሉ አያ ይኸነው ተነሱ። የበዛብህ አያት ናቸው፣ የግራዝማቹ ልጅ፣ ዘጠና አልፏቸዋል። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙና "እኔ ከጣሊያን ዘር ጋር አልዛመድም" አሉ። ወጡ። በቃ። አንድ ቃል አልጨመሩም።

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። አቶ አስማረ ይቅርታ ጠየቁ፣ እርጅና ነው አሉ። ሽማግሌዎቹም ነገሩን አለሳልሰው መረቁ። ሠርጉ ጥር 17 ተባለ።

አባባ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። በገዛ ቤታቸው፣ በልጅ ልጃቸው ምርቃት ላይ... ለእንግዶቹ ስል ዝም አልሁ እንጂ አፌ ላይ ስንት ነገር መጥቶ ነበር። እኒያን ሰውዬ አልወዳቸውም። ወድጄያቸውም አላውቅ።

ሐሙስ፣ መስከረም 29

ዓለምነው ደወለ። ወንድሜ ጣሊያን አገር ገብቶ አራት ዓመቱ ነው፣ ወረቀት የለውም። የጣሊያን የልጅ ልጅ መሆኑን ማስረዳት ከቻለ ተስፋ እንዳለው ነግሮታል ጠበቃው። አሁን ዲኤንኤ የሚባል ነገር ይዟል፣ ምራቅ ነው የሚመረመረው። ምራቅ ማጠራቀሚያ ሦስት ብልቃጥ ከሰው ጋር ልኬያለሁ፣ አባባን ለምኝልኝ አለ። ለአባባ፣ ለእኔና ለዮዲት።

ለአባባ ስደውል ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ሳልጨርስ "እሺ" አሉ። "ይኸነው ሳይሞት አባት እንዳለኝ ይወቅ።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ነበር። ስልኩን ዘግቼ አለቀስሁ። እናደዳለሁ እንጂ ማልቀስ አልወድም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ዛሬ ምራቅ ሰጠን። እንዲህ ዓይነት እሑድ ዐይቼ አላውቅም።

አባባ አፋቸው ደርቆ እምቢ አለ። ብልቃጧን ይዘው ጎንበስ ቀና ይላሉ፣ ጠብ አይልም። በዛብህ ሎሚ ቆርጦ አፍንጫቸው ሥር ያዘላቸው። እየሳቁም እየተራገሙም ሞሏት። ከዚያ ለበዛብህ የካርሎን ታሪክ አወሩለት። ወፍጮ ጠግነው ነው ያሳደጉን፣ ከዳንግላ እስከ ቻግኒ የእሳቸው እጅ ያልነካው ወፍጮ የለም። ሙያው በደም የመጣ ነው ይላሉ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ... ጋራዥ ያለ ሰው ሁሉ የሚለውን ቃል እሳቸው የአባቴ ቋንቋ ነው ብለው ነው የሚጠሩት። በዛብህ እንደ አዲስ ነገር አዳመጣቸው። ጨዋ ልጅ ነው።

ዮዲት ተረኛ ሆና ሆስፒታል ዋለች፣ አልመጣችም። ሦስተኛው ብልቃጥ ባዶውን ሊመለስ ሆነ። ያኔ አስተማሪነቴ ተነሳ። ማወዳደሪያ ያስፈልጋል አልሁ። አንድ ከጣሊያን ምንም የሌለበት ንጹሕ የአገር ሰው አብሮ ቢመረመር የእኛ ጣሊያንነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዛብህን "አንተ ስጥ" አልሁት። ሳቀ። "የግራዝማች እንየው ምራቅ ለጣሊያን ሊሰጥ" አለና ሞላው።

ነገ ብልቃጦቹ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፣ ከዚያ በሰው ሰው ዓለምነው ዘንድ ይደርሳሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ውጤት የለም። ኔትወርክም የለም። አባባ መስመር ባገኙ ቁጥር ይደውላሉ፣ "መጣ?" ብቻ ነው የሚሉት።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ዳንግላ ሄጄ ከአባባ ጋር ዋልሁ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ብዙ ጊዜ አልሄድሁም። ከስተዋል።

ያልነገሩኝን ነገር ዛሬ ነገሩኝ። ጣሊያን የወጣ ጊዜ እናታቸውን "የጣሊያን ሴት" ብለው ገበያ መሐል ገርፈዋታል። የገረፏት የግራዝማች እንየው ሰዎች ናቸው። አባባ ጀርባዋ ላይ ታዝለው ነበር፣ አውርደው ለሌላ ሴት ሰጥተው ነው የገረፏት። እሳቸው አያስታውሱትም፣ ሰው ነው የነገራቸው። እናታቸው ስለዚያ ቀን ሳትናገር ሞተች።

ታዲያ እንዴት ዮዲትን ለእነዚህ ሰዎች ይመርቃሉ? ጠየቅኋቸው። "በዛብህ አልገረፈም" አሉኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ዓለምነው ደወለ። እንዳለ ልጻፈው፣ ነገ ሕልም ነበር እንዳልል።

"ጣሊያን የለም" አለኝ። "እንዴት የለም?" "የለም። ዜሮ። አባባም አንቺም። ሁሉም እዚያው ያገር ቤት ነው የሚለው።"

አባባ ግማሽ መሆን ነበረባቸው። ግማሽ! በክፍል ውስጥ ስንቴ አስተምሬዋለሁ። ከአባት ግማሽ፣ ከእናት ግማሽ። የአባባ ቅላት፣ አፍንጫቸው፣ የወፍጮ ሙያቸው... ያን ሁሉ ከየት ነው ያመጣነው?

ዓለምነው አለቀሰ። ወረቀቱ ሞተ ማለት ነው። ላጽናናው ስል ሌላ ነገር አመጣ። "ሦስተኛው ሰው ማነው? ዮዲት አይደለችማ። ወንድ ነው የሚለው። የአባባ የቅርብ ዘመድ ነው ይላል።"

ዘመድ? ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ከአባባ ጋር ይጋራል። ከእኔ ጋር የዚያን ግማሽ። የአያት ወንድም በአንድ ወገን ሊሆን ይችላል ብሎ ጽፎለታል።

በዛብህ ነው ብዬ አልነገርሁትም። እደውልልሃለሁ ብዬ ዘጋሁት። ዮዲት ከውስጥ "ማነው?" አለች። "አጎትሽ ነው፣ ሰላም ብሎሻል" አልኋት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርሁ አላውቅም።

በተማሪ ፈተና ጀርባ ላይ ሣልሁት። ባላውቅ ምን ነበር? ግራዝማች እንየው አያ ይኸነውን ወለደ፣ እሳቸው አስማረን፣ አስማረ በዛብህን። በሌላ በኩል እንየው አባባን ከወለደ... አባባ እኔን፣ እኔ ዮዲትን። ስድስት እጁ ልክ ይመጣል። ሁለቱ ልጆች በሦስተኛው ቤት ይገናኛሉ። ሰባት የተባለው ሦስት ላይ።

ሌላ መንገድ ይኖር ይሆናል፣ ዝምድና በብዙ በኩል ይመጣል። ፈለግሁ። አጥፍቼ ሣልሁ። ግን አያ ይኸነው ምርኩዛቸውን ይዘው ሲነሱ እየታየኝ አልተወኝም።

ቆጣሪዎቹ ካርሎ ላይ ባይቆሙ ኖሮ... ግን ምን ይቁጠሩ? ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው ተብሎ ተስቆበታል። እኔም ስቄያለሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

አያ ይኸነው ዘንድ ሄድሁ። ቤተሰቡ ገበያ ወጥቷል፣ እሳቸው ደጅ ላይ ቡሉኳቸውን ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ። "የደረሰ ልጅ ነሽ?" አሉኝ። ዓይናቸው ደክሟል።

እንዴት ልጀምር? እንደ ክፍል ጀመርሁ። ምርመራ፣ የዘር ውርስ፣ መቶኛ... አቋረጡኝ።

"ምራቅ ነው የተናገረው?"

"አዎ፣ አያ ይኸነው።"

"ይኸን ሁሉ ዘመን እኔ ይዤው ኖርሁ። ምራቅ ተናገረው።"

ከዚያ ሳያዩኝ አወሩ። ያለምወርቅ ከካምፑ ጨውና ጥይት እየደበቀች ታወጣ ነበር፣ ለአርበኞቹ። የሚቀበላት ግራዝማቹ ነው። አንድ ቀን ጨውና ጥይቱን ብቻ ተቀብሎ አልተመለሰም። "እምቢ ብላው ነበር" አሉ አያ ይኸነው። ይህንኑ ደገሙት። ስታረግዝ ከጣሊያን ነው በይ አላት። ሚስት አለው፣ ስም አለው፣ ጠላት ሲወጣ ሹመት ይጠብቃል። ካርሎ ልብሱን የምታጥብለት ሰው ነበር፣ ስሙን ስለምታውቀው ጠራችው። ሌላ ምንም የለም። ስትገረፍ ግራዝማቹ በቅሎው ላይ ሆኖ ያይ ነበር። ይህን ሁሉ ለልጁ የነገረው ሊሞት ሲል ነው።

ይህን ሰው አንቱ ማለት አልቻልሁም። ትምህርት ቤት ተሰይሞለታል።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?" አልኋቸው።

"ዝም አላልሁም። ሽማግሌ ፊት ተነሥቼ ወጣሁ። የአባቴን ነውር ሳላወጣ ልከላከል የምችለው በዚያ ነበር። ማንም አልተከተለኝም።"

አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ስድብ ብዬ የያዝሁት... እየከለከሉ ነበር።

"አንቺ አፍርሽው" አሉኝ። "ልጅቱ ሐሳቧን ቀየረች በይ። የአባቴን ስም ግን አታንሽ፣ ልጄ።"

ያኔ ኀፍረቴ ጠፋ። አያቴን አስገድዶ ደፍሮ ላስገረፈ ሰው ስም ሲባል የእኔ ልጅ ስሟ ይጥፋ? ቃሏን አጠፈች ተብላ ትኑር? እርስዎ ያፍርሱት አልኋቸው። አልችልም አሉ። እኔም አልችልም አልሁ። እንደዚያ ሆነን ተለያየን።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ቅዳሴ ሄጄ ከውጭ ቆሜ ተመለስሁ።

በሳይንሱ ካየሁት ምንም አይደለም። በአንድ ቅድመ አያት በኩል ብቻ፣ ያውም ሦስተኛ ቤት ላይ። ለሚወለደው ልጅ የሚያሰጋ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስንት አገር የአጎት ልጅ ይጋባል። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ። ግን በዛብህ ለቁርባን የሚቀርብ ሰው ነው። ነገ ቄስ ሆኖ ሌላ ሰው ሲያጋባ ሰባት ቤት ቁጠሩ የሚል እሱ ነው።

ዮዲትን ዛሬ አየኋት። መስተዋት ፊት ቆማ ካባውን ትለካለች። "እማ፣ ከበደኝ፣ ግን ያምራል አይደል?" ያምራል አልኋት። ሌላ ምን ልበላት ነበር?

የሚያውቅ ማነው? እኔ፣ አያ ይኸነው፣ ዓለምነው በግማሽ። ሁላችንም ዝም ካልን...

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ዝም እላለሁ። ወሰንሁ። ለዓለምነው ደውዬ ለማንም እንዳትናገር አልሁት፣ ሦስተኛው በዛብህ መሆኑንም ነገርሁት። ከዚያ "እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ። ነኝ አልሁት።

አባባ ደወሉ። "መጣ?" "አልመጣም፣ አባባ።"

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29

ገና። አባባ እዚህ እኛ ዘንድ ዋሉ። ደስ ብሏቸው ነበር። ለሠርጉ ካርሎ የሚለውን ስም በጥሪው ወረቀት ላይ አስገቡት አሉ፣ የማፍርበት የለኝም አሉ። ዮዲት ሳመቻቸው። እኔ ወጥ ላይ ጨው ጨምሬ አበላሸሁ።

እሑድ፣ ጥር 3

አያ ይኸነው ታመዋል። ዛሬ አባባን አስጠሯቸው። ሰው ሁሉ ይቅር ሊባባሉ ነው አለ፣ ደስ አለው። እኔ ግን ለምን እንደጠሯቸው ገብቶኝ ተነሣሁ።

ሚኒባስ ይዤ ስደርስ አባባ ከአያ ይኸነው ቤት እየወጡ ነበር። ጋሪ ላይ ደግፌ አወጣኋቸው። ቤት ስንገባ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

"ታውቂ ነበር?" አሉኝ።

"ከታኅሣሥ ጀምሮ።"

"እኔ ደግሞ መጣ፣ መጣ እልሻለሁ።" አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለ እናታቸው አንድም ነገር አላሉም። ስለ ይኸነው ብቻ ነው ያወሩት። እጁ የእኔን እጅ ይመስላል አሉ፣ አውራ ጣቱ እንደኔ ጠማማ ነው። ወንድም ኖሮኝ አሉ። ደጋገሙት። አንድ ገበያ ስንገበያይ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም ኖረን...

ለመንኋቸው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ለዮዲት ሲሉ አልሁ፣ እስከ ጥር 17 ብቻ። አንሥተውኝ "እሺ፣ ለልጅቱ ስል" አሉ።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

አያ ይኸነው በጥምቀት ሌሊት አረፉ። ዛሬ ተቀበሩ። ሽማግሌዎች ተነጋግረው ድግሱ ይቅር፣ ቁርባኑ በቀኑ ይሁን አሉ። እኔ ያን ሰምቼ እፎይ አልሁ። በሰው ቀብር እፎይ አልሁ።

አባባን እኔና ዮዲት በግራና በቀኝ ይዘናቸው ነበር። ሬሳው ከድንኳኑ ሲወጣ ወደፊት ይስቡን ጀመር። አባባ ቃልዎ፣ አልኋቸው በጆሯቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እየሞከሩ ነበር፣ ምስክር ነኝ።

ከዚያ እጃችንን አስለቀቁ። እንዴት እንዳስለቀቁ አላውቅም፣ ያን ጉልበት ከየት አመጡት? ሬሳው ላይ ወደቁ።

"ወንድሜ" አሉ። "አንድ ከተማ ኖረን ሳልጠራህ፣ ወንድሜ።"

ቀጥለው በአገውኛ አለቀሱ፣ በእናታቸው ቋንቋ። ልጅ ሳለሁ ነው የመጨረሻ ሲናገሩት የሰማኋቸው። አልቃሿ ሙሾዋን አቋረጠች። ወንድም የሚለው ቃል በለቅሶ ላይ ለማንም ይባላል፣ ግን አባባ እንዴት እንዳሉት ሰው ሁሉ ገብቶታል። የእንየው ልጅ ነኝ አሉ። በአማርኛም ደገሙት።

አቶ አስማረ ዞረው እኔን አዩኝ። "ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ ምን ማለታቸው ነው?"

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ዮዲት ታየኛለች። በዛብህ መስቀል ይዞ ቆሟል።

"አባቴ አርጅተዋል" አልሁ። "ይምታታባቸዋል።"

አልሁት። ከአፌ ነው የወጣው።

አባባ ልቅሷቸውን አቆሙ። ቀና ብለው አዩኝ። "አዎ፣ አርጅቻለሁ" አሉ። ከዚያ የሰው እጅ ሳይዙ ተነሥተው ከሰው ኋላ ሄደው ቆሙ።

ከቀብር ስንመለስ በዛብህ ጠጋ አለኝ። ውጤቱ መጣ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አልመጣም አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። አላመነኝም።

ረቡዕ፣ ጥር 13

አልተኛሁም። ያለምወርቅን አላውቃትም፣ ሳልወለድ ነው የሞተችው። ዛሬ ግን እሷን ብቻ ነው የማስበው። ሰው ፊት አቁመው የሌለውን አስብለዋት ነበር። እኔም አባቴን...

አባባ ስልክ አያነሱም።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ዮዲት ከሥራ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ ቆመች። "አጎቴ ጋ ደውዬ ነበር" አለች። ገባኝ።

ማስረዳት ጀመርሁ። ሦስተኛ ቤት መሆኑን፣ በአንድ ወገን ብቻ መሆኑን፣ ለልጅ እንደማያሰጋ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ "እኔ ተማሪሽ አይደለሁም" አለችኝ። ዕቃዋን በአንድ ሻንጣ አድርጋ ወደ አያቷ ሄደች። የሠርጉን ካባ ትታዋለች።

በዛብህም ከእሷ ሰምቶ ለአባቱ ተናግሯል፣ ለንስሐ አባቱም። ጥር 17 የለም። ቅስናውንም ለጊዜው ትቶታል ይላሉ። አቶ አስማረ ሰው ልከው "ከእናንተ ምንም አንፈልግም" አሉኝ።

እሑድ፣ ጥር 17

በዚህ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን መሆን ነበረብን።

ዳንግላ ወረድሁ። የአያ ይኸነው ድንኳን አልተነሣም። አባባን እቤታቸው ፈልጌ አጣኋቸው፣ ጎረቤት እዚያ ናቸው አለችኝ። እውነትም እዚያ ናቸው፣ ከሟች ልጆች አጠገብ ተቀምጠዋል። አቶ አስማረ እኔን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። አባባን ግን ከጎናቸው አላስነሷቸውም። ሰው እየመጣ ለአቶ አስማረ ሲያጽናና ለአባባም ያጽናናል። ትምህርት ቤቱ ስሙን ይቀይር አይቀይር የሚያነሳ የለም፣ የሚያነሳም አይመስለኝም።

ጠጋ ብዬ ጎንበስ አልሁ። "እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አባባ።"

"አሜን። ስለመጣሽ እግዜር ይስጥልኝ" አሉኝ። ከእኔ በፊት ለነበረችው ሴትዮ ያሉትን ነው ያሉኝ። ዓይናቸው ከኋላዬ ወደሚመጣው ሰው አለፈ።

ዮዲት ውሃ ትቀዳለች፣ ለለቅሶተኛ ታድላለች። ጥቁር ለብሳለች። በዛብህ ማዶ ከወንዶቹ ጋር ነው፣ ሁለቱ አይተያዩም። ደጅ ላይ ጠብቄ ያዝኋት። ይቅርታ አልኋት። ሰው አያትሽ ሠርጉን አፈረሱት እያለ ነው፣ እንዳትቀየሚያቸው አልሁ። ምን ሆኜ እንደዚያ እንዳልሁ አላውቅም፣ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

ማድጋውን መሬት አስቀመጠች።

"አያቴን ለምን እቀየማቸዋለሁ? እሳቸው እውነቱን ነገሩኝ። አንቺ እያወቅሽ ልታቆርቢኝ ነበር።"

ለአንቺ ብዬ ነው አልኋት። አውቃለሁ አለች። ድምፅዋ አልጨከነም፣ የደከመ ነው። ያለምወርቅንም ዝም በይ ሲሏት ለራስሽ ብለን ነው ብለዋታል አለችኝ። ማድጋውን አንስታ ገባች። አያቷ አጠገብ ስትቀመጥ ጋቢያቸውን ከፍተው ሲያስገቧት አየሁ።

ከዮዲት ጋር አብረን እንመለሳለን ብዬ ነበር የሄድሁት። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዬን አስቀመጥሁ። እስኪሞላ ድረስ መንገዱን ሳይ ቆየሁ። አንዲት ሴት ገብታ "ሰው አለው?" አለችኝ።

ቦርሳዬን አነሳሁ። "የለውም" አልኋት።